የካርቶን ካይሮ

ሮብሌ ካይሮን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ከድሬዳዋ ወጥቶ ሩቅ ሄደ ከተባለ ጅቡቲ ነው፤ እሱንም የአክስቱን ለቅሶ ለመድረስ በዕቃ ባቡር ላይ ተንጠልጥሎ። ካይሮን የሠራት ግን እሱ ነው። ከብስኩት ካርቶን፣ ከክብሪት ቀፎና ከጀሶ ሠራት። ለመስጊዶቿ ሚናራ የክር ማጠንጠኛ እንጨት አቆመላት። ግድግዳዋን በሦስት ዓይነት ነጭ ቀባው፤ ፀሐይ የሚመታው ነጭና ጥላ ያረፈበት ነጭ አንድ አይደለም ባይ ነው። ባለሙያ ሲኮራ እንዲህ ነው፤ ነጩንም ሦስት ያደርገዋል።

እንጀራው የሱቅ ማስታወቂያ መጻፍ ነበር። የድሬ ገበያ ሰፈር መጋላ ውስጥ በር ላይ መቀስ ተሥሎ ካያችሁ፣ ወይ ሻይ የሚጨስበት ብርጭቆ፣ የሮብሌ እጅ ነው። አብዮቱ ሲመጣ የሱቁ ጽሑፍ ቀነሰና መፈክሩ በዛ። መቀስና ብርጭቆ የለመደው ብሩሽ መዶሻና ማጭድ ተማረ። ሮብሌ አላማረረም፤ ሚስቱ ዓምራንና ልጆቹ መብላት አለባቸው፣ ቀለም ደግሞ ቀለም ነው።

ካይሮ የተሠራችው ለጨዋታ ነው። የጨዋታው ባለቤት ጎረቤቱ ዱዓሌ ነበር፤ በጡረታ የተገለለ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ፣ ድሬ ከፈረንሳዮቹ ተቀብላ «ኮንትሮለር» የምትለው። ከዓመታት በፊት አለቃው የነበረ አንድ ፈረንሳዊ አገሩ ሲገባ አንድ ሣጥን የእርሳስ ወታደሮችና የጨዋታውን ሕግ የሚያስተምር መጽሐፍ ትቶለት ሄደ። ወታደሮቹ ከአውራ ጣት አይረዝሙም፤ ከነመድፎቻቸው የናፖሊዮን ጦር ናቸው። ትልቅ ጠረጴዛ ላይ አሸዋ ይነሰነሳል፤ ሁለት ጦር ፊት ለፊት ይሰለፋል፤ ማን ስንት እንደሚራመድ በመለኪያ ይለካል፤ ማን ሞቶ ማን እንደተረፈ ደግሞ ባለነጥቡ ጠጠር ተጥሎ ይለያል። ድሮ በእውነት የተደረገ ጦርነት ይመረጥና እንደገና ይዋጉታል። ዱዓሌ የመረጠው ናፖሊዮን ካይሮን ለመያዝ ከግብፅ ገዢዎች ከማምሉክ ፈረሰኞች ጋር የገጠመውን ነው። ሙስሊም ሆኖ ሁልጊዜ ናፖሊዮንን የሚሆነው እሱ መሆኑ ብቻ ትንሽ ያስተዛዝብ ነበር።

ችግሩ፣ ሣጥኑ ውስጥ ማምሉክ የሚባል አልነበረም። ካይሮም የለችም። የዱዓሌ እጅ ደግሞ ይንቀጠቀጣል፤ ሻይ ሲጠጣ እንኳ ግማሹ ለሸሚዙ ነው። እናም ሮብሌን ጠራው።

ከምሳ በኋላ ድሬ ከሙቀቱ ሸሽታ በሯን ዘግታ ጫቷን ስትይዝ፣ ሁለቱ የዱዓሌ የጓሮ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። ከአሮጌ ባትሪ ያወጡትን እርሳስ እያቀለጡ የጀሶ ቅርጽ ውስጥ ያፈሱታል፤ ሲቀዘቅዝ ማምሉክ ከነፈረሱ ይወጣል። ሮብሌ ከፍየል ጭራ ጥቂት ፀጉር መዝዞ ስንጥር ላይ ያስርና በእሷ ጥምጣማቸውን፣ ጢማቸውን፣ የፈረሶቻቸውን ልጓም ይቀባል። የዓይናቸውን ነጭ ሲያደርግ ትንፋሹን ይይዛል።

«አቦ ጨርስ እንጂ ወሪያ! ናፖሊዮን እስኪሸብት ነው የምትቀባው?» ይለዋል ዱዓሌ።

«ፈረስ ሳያይ ይዋጋል እንዴ?»

ከተማዋን መሥራት ሲጀምር ግን ቸገረው። መጽሐፉ ላይ ካይሮ ማለት አራት መስመርና አንድ ስም ብቻ ነች። «ምን ትመስላለች?» ብሎ ጠየቀ።

«የእስላም ከተማ ናት» አለ ዱዓሌ ጫቱን እየመረጠ። «ገበያ፣ መስጊድ፣ ጠባብ መንገድ። ምን ትመስላለች ትለኛለህ? እንደኛው ነዋ።»

እንደኛው ተባለና ሮብሌ እንደኛው ሠራ። ምርቃና የገባው ሰው አንዲት ነገር ከያዘ እንደማይለቅ ድሬ የዋለ ሁሉ ያውቃል። አንዱን ሱቅ ሲሠራ የጎረቤቱ ሱቅ ትዝ ይለዋል፤ መስኮቱን ሲሥል የተሰበረው መዝጊያ ይመጣበታል፤ የተሰበረውን መዝጊያ ጤነኛ አድርጎ መሥራት ደግሞ ውሸት ሆኖ ይታየዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ መጋላን ቤት በቤት ካይሮ ውስጥ አስገባት። የአብዲቃድርን ልብስ ስፌት ሳይቀር ሠራት፤ በረንዳዋን፣ የዘመመውን ምሰሶ፣ ምሰሶው እንዳይወድቅ የተደገፈባትን የሐዲድ ቁራጭ ጭምር። ዱዓሌ ያን ያየ ዕለት እስኪያስለው ሳቀ።

«ካይሮ ውስጥ የአብዲቃድር ልብስ ስፌት ምን ይሠራል?»

«ናፖሊዮን ሱሪው ቢቀደድበት የት ሊሄድ ነው?»

ሮብሌ በዕድሜው እንደዚያ ወራት ተደስቶ አያውቅም። መፈክር ሲጽፍ ሰው የሚያየው ፊደሉን እንጂ የሱን እጅ አይደለም፤ እዚህ ግን ዱዓሌ አንዲት ቤት አንሥቶ በብርሃን እያገላበጠ «ማሻአላህ» ሲል፣ ሮብሌ ቀና ማለት እስኪያቅተው ደስ ይለዋል። የተመሰገነ ልብ ጠግቦ አያውቅም፤ ሌላ ቤት ይጨምራል፣ ሌላ በር፣ ሌላ ደረጃ።

ከዚያ እውነተኛው ጦርነት መጣ። የሶማሊያ ጦር እስከ ከተማዋ ጥግ ደርሶ፣ መድፍ ሲያጓራ ከርሞ ወደ ምሥራቅ ተገፋ። ጦሩ ቢሄድም ነገሩ ቀረ። በየቀበሌው «ሰርጎ ገብ» የሚል ቃል ገባ፤ ቤቱ ውስጥ ሶማልኛ የሚናገር ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ድምፁን ቀነሰ። ልብ ያለው ሰው ያኔ ሣጥኑን ጉድጓድ ይቀብረው ነበር። እነሱ ግን መድፉ ዝም ባለ በወሩ አሸዋውን ጠራርገው፣ ወታደሮቹን አሰልፈው ከቆሙበት ቀጠሉ። አላበዱም፤ ከበራቸው ውጭ ካለው ጦርነት ጠረጴዛው ላይ ያለው ይሻላቸው ነበር። በእሱ የሚሞት የለማ።

አሰሳው የመጣው አንድ ከሰዓት ላይ ነው። የአብዮት ጥበቃዎች ጦር መሣሪያ ፍለጋ መንደሩን ቤት በቤት ሲፈትሹ ዱዓሌ ጋ ደረሱ። ሮብሌ በዚያች ሰዓት ከጓሮ፣ የውሃ በርሜሉ አጠገብ ብሩሹን እያጠበ ነበር። በመስኮቱ በኩል ሁሉን ይሰማል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ አንዱ።

«ጨዋታ ነው ልጄ» አለ ዱዓሌ ሳቅ ባለ ድምፅ። «የፈረንሳይ ጨዋታ።»

«ሊቀመንበሩን ጥሩ» አለ ሌላው።

የቀበሌው ሊቀመንበር አብዲቃድር ነበር፤ ያው ልብስ ሰፊው፣ አሁን ጓድ አብዲቃድር። ሲመጣ ጫማው ይሰማል፤ ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ቆመ። ሮብሌ እጁ በርሜሉ ውስጥ እንደተነከረ ጠበቀ።

«ይሄ ሱቄ ነው» አለ አብዲቃድር። «ይሄ የኔ ምሰሶ ነው። ይቺ የሐዲዷ ቁራጭ ናት። ዱዓሌ፣ መጋላን ዙሪያዋን በመድፍ ከበህ ምን ትሠራለህ?»

«መጋላ አይደለችም፣ ካይሮ ናት» አለ ዱዓሌ፤ አሁን አልሳቀም።

ሮብሌ ያኔ መግባት ይችል ነበር። ሁለት እርምጃ ነው። «የሠራኋት እኔ ነኝ፤ ካይሮን ስለማላውቃት የማውቀውን ሠራሁ» ቢል፣ ምናልባት አብዲቃድር ራሱ ይስቅ ነበር። ሰውየው ድሮ ቀልድ ይወድ ነበር። ሮብሌ ግን ብሩሿን ኪሱ ከተተና በጓሮ በር ወጣ። ሮጠ እንዳይባል ቀስ ብሎ፣ እንደ ተላከ ሰው ሆኖ ወጣ። ዞሮ በፊት ለፊት ከተሰበሰበው ሰው መሃል ገባና እንደ ሌላው አንገቱን አሰግጎ ቆመ።

ዱዓሌን አወጡት። ካይሮንም በሩን ነቅለው በሱ ላይ አጋድመው ተሸክመዋት ወጡ። ዱዓሌ ሰዉን ሲቃኝ ዓይኑ ሮብሌ ላይ ደረሰ፤ ደረሰና እንደማያውቀው ሰው አልፎት ሄደ። ሮብሌ ገባው። ዱዓሌ ስሙን ሊደብቅለት ነው። ይህን ሲረዳ መጀመሪያ የመጣበት እፎይታ ነው። ኀፍረቱ ከእፎይታው በኋላ መጣ፤ ከመጣ ግን አልሄደም። ቤቱ ሲገባ ኪሱ በሰማያዊ ቀለም ርሶ ዓምራን «ምንድን ነው?» ስትለው «ሥራ» አላት።

የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል። ትናንት የዱዓሌን ሻይ ሲጠጡ የነበሩ ሰዎች «እኔማ ድሮም አይጥመኝም፤ በሩን ዘግቶ ምን ይሠራል እል ነበር» ማለት ጀመሩ። ሮብሌ ፊት አንድ ሁለቱ እንዲህ ሲሉ ራሱን ነቀነቀ። መነቅነቅ እንኳ አልነበረበትም፤ ዝም ቢል የሚጠይቀው አልነበረም። ራሱ በራሱ ነቀነቀ፤ ማታ ላይ አንገቱን ሊቆርጠው ደርሶ ነበር።

የዱዓሌ ሚስት ካልቱን የመጣችው ሳምንት ሳይሞላ ነው። ቁጭ በይ ሳይሏት የማትቀመጥ ሴት፣ ያን ቀን ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«ሮብሌ፣ ላስቸግርህ አልመጣሁም» አለችው። «እኔ ሠራሁ በልልኝ አልልህም። ዱዓሌም አይፈልግም። ግን አብዲቃድር መጋላ ናት፣ ዱዓሌ ካይሮ ናት እያሉ ተከራክረው፣ ከላይ የመጣው ካድሬ ‹ባለሙያ ይየው› ብሏል አሉ። በዚህ ቀበሌ ሠዓሊ አንተ ነህ። አንተን ነው የሚጠሩት። ካይሮ ናት በላቸው፤ ሌላ የምፈልገው የለም።»

«እላለሁ» አለ ሮብሌ።

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

ከልቡ ነበር። በእውነት ከልቡ ነበር፤ እንደውም ከሰሞኑ ሁሉ ያን ቀን ቀለል አለው። ራሴን ሳላጋልጥ ጓደኛዬን ላድነው ነው ብሎ ደስ አለው። በርካሽ መጽዳት የማያስደስተው ማን አለ?

በማግስቱ ተጠራ። ቀለል ቢለውም እህል አልወርድ ብሎት ምሳውንም ራቱንም ሳይነካ ነው ያደረው፤ ቁርሱንም ትቶ ወጣ። መንገዱን ሁሉ የሚለውን ሲያጠና ሄደ፦ የእስላም ከተማ ሁሉ ይመሳሰላል፣ ይቺ ካይሮ ናት፣ መጽሐፍ ላይ አይቻታለሁ። የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ሲሻገር ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበርና አንዲት ፍየል ጠባቂ ሴት ዱዓ የሚያደርግ መስሏት «አሚን» አለችው።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ካይሮ ጠረጴዛ ላይ ተጋድማለች። ደህና አልነበረችም። ሲሸከሟት አዘንብለዋት ቤቶቿ ረግፈዋል፤ የረገፉት አንድ የሲጋራ ካርቶን ውስጥ እንደ ቆሻሻ ተጠራቅመዋል። አንዱ ሚናራ ከወገቡ ተሰብሯል። ሮብሌ ይህን ሲያይ አመመው። አላህ ይይለት፤ ዱዓሌን ሲወስዱት እንኳ እንዲህ አላመመውም።

ካድሬው ጸጉሩን ያጎፈረ፣ እንቅልፍ የራቀው የሚመስል ወጣት ነበር። አልጮኸም፣ አልተቆጣም። ወንበር እንኳ ሰጠው።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለ። «እስረኛው ካይሮ ናት ይላል። ካይሮ ከሆነች የሽማግሌ ጨዋታ ነው፤ ገሥጸን እንለቀዋለን። ጓድ አብዲቃድር ደግሞ መጋላ ናት ይላሉ። መጋላ ከሆነች የከተማችን ካርታ ናት፤ መድፉም ወደ እኛ ነው የዞረው። እኔ የሩቅ አገር ሰው ነኝ፣ መጋላን አላውቃትም። አንተ ባለሙያ ነህ አሉኝ።»

«እንደሚሉት ነው ጓድ፣ እርስዎ እንዳሉት» አለ ሮብሌ። ድሬ «እርስዎ» የማትወድ ከተማ ናት፤ አባቱንም ቃዲውንም «አንተ» ብሎ ያደገ ሰው ነው። ቃሉ ከየት እንደመጣለት ለራሱም ገረመው። አብዲቃድርም ገርሞት ቀና ብሎ አየው።

«እንግዲህ መጀመሪያ የፈረሰውን መልሰውና እንየው» አለ ካድሬው። «እንዲህ ሆና ምንም አትገባኝም።»

ሮብሌ ተነሥቶ ካርቶኑን ሳበ። ማሰብ የነበረበት እዚህ ላይ ነው። እያገላበጠ፣ እየተጠራጠረ፣ አንዱን እዚህ ሌላውን እዚያ እየሞከረ፣ አንዳንዱንም ሆን ብሎ እያሳሳተ መሥራት ነበረበት። እጁ ግን አላማከረውም። የመጀመሪያዋን ቤት አነሣ፤ ጥጓ ተላልጧል፤ አቧራዋን በትንፋሹ እፍ ብሎ ቦታዋ አስቀመጣት። ቀጥሎ ፀጉር ቤቱን፣ ቀጥሎ ባለደረጃዋን፣ ቀጥሎ የተሰበረ መዝጊያ ያላትን። እያንዳንዷ ጀሶው ላይ የተወችው ዱካ አለ፤ ሮብሌ ዱካውን ሳይፈልግ ያገኘዋል። የልብስ ስፌቷን በረንዳ ተከለ። ምሰሶውን አዘመመው። የሐዲዷን ቁራጭ ከካርቶኑ ሥር በጥፍሩ ፈልቅቆ አወጣና አስደገፈው። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ራሱን ዘንበል አድርጎ አያት። ደግሞ ተመልሶ አንዲቷን ቤት በፀጉር ያህል ገፋ አደረጋት።

ቀና ሲል ካድሬው ከተማዋን አይደለም፣ እሱን ነው የሚያየው።

«እንዴት አወቅኸው?» አለ ካድሬው።

ለሮብሌ መልሱ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው «የሠራኋት እኔ ስለሆንኩ» ነው። እሱን ካለ ደግሞ ሌላው ሁሉ ይከተላል፦ ካይሮ ናት፣ ጨዋታ ናት፣ ዱዓሌ ንጹሕ ነው። ምናልባትም እሱ ራሱ እስር ቤት ያድራል፣ ይከርማል፤ ልጆቹስ? ቃሉ አፉ ውስጥ ነበር። ጣዕሙ ሳይቀር ነበር።

«መጋላ ናታ» አለ። «የመጋላን ልጅ ዓይኑን አስረህ ብትጠይቀው እያንዳንዱን ቤት ይነግርሃል።»

አብዲቃድር ትንፋሹን ለቀቀ። «አላልኩም ጓድ?» አለ። ፊቱ ላይ ግን ያሸነፈ ሰው ደስታ አልነበረም፤ እሱም ሲፈራ የከረመ ሰው ይመስላል።

«ሌላ የምትጨምረው አለ?» አለው ካድሬው፤ ደግነት ባለው ድምፅ። በሩን ሁለተኛ ጊዜ ነበር የከፈተለት።

«የለም ጓድ» አለ ሮብሌ።

«ይጻፍ እንግዲህ። ሽማግሌው ነገ ወደ ሐረር ይተላለፍ።» ካድሬው ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብሎ አንዱን ማምሉክ አነሣና በጣቱ መሃል አገላበጠው። «ግን ማንም ይሥራው፣ የሠራው ሰው እጅ አለው» አለ። «ፈረሱ እኮ ያያል።»

ሮብሌ ያችን ቃል ሲሰማ ልቡ ሞቀ። እዚያው፣ ጓደኛውን ለሐረር እስር ቤት በሰጠበት ወንበር አጠገብ ቆሞ፣ ደስ አለው። ከንፈሩ ፈገግ ሊል ሲጀምር ተሰማውና በእጁ ሸፈነው። ከጽሕፈት ቤቱ ወጥቶ ግንቡን ተደግፎ ቆመ፤ ሊያስመልሰው ፈልጎ ሆዱ ባዶ ስለነበር አልወጣለትም።

በቀፊራ ገበያ አድርጎ ዞረ፤ ቤቱ እንዳይደርስ ያልረገጠው መንገድ የለም። ሰው ሰላም ሲለው የሚያውቁበት ይመስለው ነበር፤ በርበሬ የምትመዝነዋ ሴት እንኳ አተኩራ ያየችው መሰለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ ያን ቃል አሁን በምን ይመልሰዋል? ተመልሼ ልግባ ይላል፣ ሁለት መንገድ ይመለሳል፣ ደግሞ ይዞራል። በመጨረሻ ፀሐዩ ቤቱ አስገባው።

ካልቱን እዚያ ነበረች። ከዓምራን ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፤ መሃላቸው ክዳን ያለው ትልቅ ሰሃን አለ። የሩዝና የሥጋ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ሩዝ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ሥጋማ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ዓምራን በዓይኗ ‹ፍየሏን አሳርዳ ነው› አለችው። ካልቱን የነበረቻት ያቺው አንዲት ፍየል ናት።

«ሄድክላቸው?» አለች ካልቱን።

«ሄድኩ።»

«አልሐምዱሊላህ።» ምን አልካቸው ብላ አልጠየቀችውም። መጠየቅ እንዳለባትም አልመጣላትም። «አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ። እጅህን አይንሣን። ለእናንተ ብዬ ነው ይሄን፤ ቢያንስ ምሳ እንብላ አብረን።»

ሮብሌ በቆመበት ቀረ። ዓምራን ብቻ ፊቱን እያየች ነበር።

«አሁን ካለፈ ልንገርህ» ቀጠለች ካልቱን፣ ሰሃኑን ወደ ልጆቹ እየገፋች። «ቀድሜ እንዳልነግርህ ዱዓሌ ነው የከለከለኝ፤ ‹ይፈራብኛል፣ አትንገሪው› ብሎ። ማን ሠራው አሉት። እኔ ነኝ አላቸው። እስቲ ቀባ ብለው ብሩሽ ሰጡት። እጁን ታውቀው የለ? ቀለሙን ሱሪው ላይ ደፋው። የማንን ስም ነው የምትደብቀው ብለው ውስጥ እግሩን ገረፉት። ‹እጄ ደህና ሳለ ነው የሠራሁት› አለ፤ ሌላ ቃል አላገኙበትም። ትናንት ምግብ ሳደርስለት በግድግዳ ተደግፎ ነው የመጣው። ‹የሮብሌ ልጆች ትንንሽ ናቸው፤ እሱ ካይሮ ናት ካለልኝ ይበቃኛል› አለኝ።»

ሮብሌ መዋሸት ይችል ነበር። እስከ ነገ ድረስ፣ መኪናው ወደ ሐረር እስኪነሣ ድረስ፣ ምርቃቷን ተቀብሎ ሩዟን በልቶ መቀመጥ ይችል ነበር። ለመቀመጥም ጉልበቱን አጠፈ። ግን አልተቀመጠም።

«ካልቱን» አለ። «መጋላ ናት አልኳቸው።»

«ምን?»

«ካይሮ አይደለችም፣ መጋላ ናት አልኳቸው። ነገ ሐረር ይወስዱታል።»

ልጆቹ ሰሃኑን ከበው ክዳኑ እስኪነሣ ይጠብቃሉ። ካልቱን እጇ ወደ ሰሃኑ ሄደ፤ ክዳኑ ላይ አረፈ። ልታነሣው ይሁን ይዛው ልትሄድ ለራሷም አልለየላትም። ከዚያ እጇን ሰበሰበችና ሻሿን አስተካክላ ተነሣች። ሮብሌን አላየችውም።

«ዓምራን» አለች፣ ድምፅዋ ሳይነሣ። «ሳይቀዘቅዝ ለልጆቹ ስጫቸው። ሰሃኑን ለሰው ላኪልኝ። እሱ እንዳያመጣው።»

ወጣች። ዓምራን በሩ ድረስ ተከትላት ሄደችና ብቻዋን ተመለሰች። ክዳኑን አነሣች፣ ሥጋውን ለልጆቹ ቆራረጠች፣ ለራሷ አንድም ሳትቀምስ ወደ ጓሮ ወጣች። ልጆቹ በሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሥጋ ያገኘ ልጅ እንደሚበላ አድርገው በሉ፤ ትንሿ ልጅ አባቷን «ና ብላ» አለችው። ሮብሌ ግድግዳውን ተደግፎ እስኪጨርሱ ጠበቀ። ጠግበው ሲነሡ ከሰሃኑ ጥግ ላይ ሩዝና አንድ ሁለት ቁራጭ ሥጋ ተርፎ ነበር።

ከትናንት ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም። ሰሃኑን ወደ ራሱ ሳበና የተረፈውን በላ።